«እናያለን» ማለት ክልክል ነው

ውድ ዶክተር፣

አድራሻዎን የሰጠችኝ ኮሌት ናት። አሁንም የማዘጋጃ ቤታችን ጸሐፊ ናት፤ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ትመጣለች። ከመጋቢት ወዲህ ግን ቀና ብላ አታየኝም። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ጣል አደረገችና፣ «ሰሜን፣ እህታቸው ዘንድ ናቸው። ቴምብሩን እንዳይረሱት፤ እርስዎ ነገር ይረሳሉ» አለችኝ።

ምንም አልረሳሁም። ችግሩም እሱ ነው።

ሠላሳ አራት ዓመት ስንተዋወቅ አንድም ቀን ጽፌልዎ አላውቅም። ምን ያስጽፈኛል? ሲያመኝ እርስዎ ነበሩ። ሳያመኝ ደግሞ መንገድ ላይ ስንተላለፍ ከመኪናዎ መስኮት እጅዎን ያወጡልኝ ነበር። ክሊኒክዎ ከተዘጋ አራት ዓመት ሆነው። በሩ ላይ ያለውን የነሐስ ሰሌዳ ያነሣው የለም፤ «ዶክተር ሶላንዥ ዴልኩር» የሚለው አረንጓዴ ሆኗል። ባለቤቴ ኢቬት አንድ ጊዜ በኮምጣጤ አሸችው፤ ከዚያ ተወችው።

የመጡበት ዓመት ሰኔ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመትዎ ነው፤ ጫማዎ ለመንደራችን ለሻንትግሪቭ ጭቃ የተሠራ አልነበረም። አባቴ ኦገስት ከሜዳ ሲመለስ ደረቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ሐኪም የሚያስጠራ ዓይነት ሰው አልነበረም። እናቴ ናት ሳትነግረው ያስጠራችዎ።

ማዳመጫውን ከጆሮዎ አውጥተው፣ «አቶ ቬርኞ፣ ሆስፒታል መግባት አለብዎት። ነገ አይደለም፣ ዛሬ» አሉት።

«የኔ እመቤት» አለ አባቴ፣ «አራት ሄክታር ድርቆሽ ሜዳ ላይ ዘርግቶ ሆስፒታል የተኛ ቬርኞ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ድርቆሹን ልጅዎ ይሰበስበዋል።»

«ይሄ?» አለ ወደ እኔ ሳይዞር። «ይሄ እንኳን ድርቆሽ ሐሳቡንም አይሰበስብ።»

እናቴ ሳቀች። እርስዎም ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ኮስተር ብለው፣ «ይሄዳሉ ወይስ አይሄዱም?» አሉት።

አባቴ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እናያለን» አለ።

እስከ መኪናዎ የሸኘሁዎ እኔ ነኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ በሕይወቴ መጀመሪያ አንቱ ያሉኝ ሰው እርስዎ ነዎት። ደስ ብሎዎት ነበር። «አባትዎ አስተዋይ ሰው ናቸው። እምቢ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር» አሉኝ።

በእርስዎ አገር «እናያለን» ማለት እናያለን ማለት ኖሯል። በእኛ ዘንድ አይሆንም ማለት ነው። ለሰው ፊት ለፊት አይሆንም ማለት ነውር ስለሆነ የተበጀ ቃል ነው። ልጅ ሆኜ እናቴን ብስክሌት ግዢልኝ ብያት «እናያለን» ስትለኝ፣ ሁለተኛ አላነሣሁባትም። አባቴ እርስዎን በትሕትና እምቢ ብሎዎት ነበር። እርስዎ እሺ እንደተባለ ሰው መኪናዎን አስነሡ።

እኔ አውቅ ነበር። እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎት ይህን ነው። የመኪናዎን በር ይዤ ቆሜያለሁ። «ዶክተር፣ አልሄድም ነው ያሉዎት» ብል ኖሮ ተመልሰው ይገቡ ነበር፤ ያን ጊዜም እልኸኛ ነበሩ፣ ጎትተውም ቢሆን ይወስዱት ነበር። ሬዲዮው ግን ሐሙስ ዝናብ ይመጣል ብሏል። ለአራት ሄክታር ሁለት እጅ አይበቃም፣ አራት እጅ ይፈልጋል። «አዎ ዶክተር» ብዬ በሩን ዘጋሁልዎ።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ድርቆሽ ማሰሪያው ማሽን አጠገብ ወደቀ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነበር።

በቀብሩ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆመው፣ «እሺ ብለውኝ ነበር እኮ፤ እናያለን ብለውኝ ነበር» ይላሉ። አክስቴ ማርት ክንድዎን ያዘችና፣ «አይ የኔ ምስኪን፣ እናያለን አለሽ እንጂ መቼ እሺ አለሽ?» አለችዎ። ፊትዎ ሲለወጥ አየሁት። ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። እርስዎ ሞኝ አይደሉም፤ ያኔውኑ ገብቶዎት ይሆናል። ግን ጠይቀውኝ አያውቁም።

በሳምንቱ መጠበቂያ ክፍልዎ ግድግዳ ላይ አንድ ካርቶን ተለጠፈ። በትልቁ በእጅዎ የጻፉት ነው፦ እዚህ ቤት «እናያለን» ማለት ክልክል ነው።

ፌርናን፣ ያ ባለ ፍየሉ፣ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ታዲያ ምን እንበል ዶክተር?»

«አዎ ወይም አይሆንም።»

«አይሆንም ማለት እኮ ነውር ነው!»

«እንግዲያው አዎ ማለት ይልመዱ።»

ያም ሆኖ ቃሉ ያመልጠን ነበር። ባመለጠን ቁጥር በዚያ በቢጫው የሕክምና ካርዳችን ላይ አንድ ነገር ይጽፉ ነበር። ፌርናን፣ «ምንድን ነው የሚጽፉብኝ?» ሲልዎ፣ «ኃጢአትዎን» ይሉት ነበር። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖርን። ከእኛ መካከል ዳግመኛ በአባቴ አሟሟት የሞተ የለም። ይህንን ያስተዋልኩት እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው፤ ነገር የሚታየኝ እንዲያ ነው።

ጡረታዎ ሲደርስ ሁለት ዓመት ሙሉ ተተኪ ፈለጉ። አንድ ወጣት ሐኪም ከነሚስቱ መጥቶ መንደሩን ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ከንቲባ ሆኛለሁ። ክሊኒኩን አየ፣ ቤቱን አየ። ሚስቱ መዋኛ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ኩሬው ይሁን ወንዙ ብዬ ሳስብ ባልየው፣ «በጣም ደስ ይላል። አስበንበት እንደውልልዎታለን» አለኝ። ለእርስዎ ስነግርዎ እስኪያስልዎ ድረስ ሳቁ። «ቬርኞ፣ ይሄ እኮ በከተማኛ እናያለን ማለት ነው» አሉኝ።

ከዚያ ዘጉ። የሁላችንንም ካርድ ለየሰዉ መለሱ። እኔ ሄጄ አልወሰድኩም። ጊዜ አጣሁ አልኩ። አሁን ለእኛ ቅርቡ ሐኪም አርባ ሰባት ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ እሱም አዲስ ሰው አይቀበልም። ፌርናን እግሩ ላይ የወጣችበትን ቁስል ይዞ ሰባት ወር ቀጠሮ ጠበቀ። እግሩ አልጠበቀውም።

ፌርናንን የቀበርን ቀን ነው በመንደሩ አዳራሽ ተነሥተው ያን ነገር የተናገሩት። ሰው ዳቦና አይብ ይዟል፣ ወይን ተቀድቷል። «ለፕሬዚዳንትነት ልወዳደር ነው» አሉ። መጀመሪያ ማንም አልሳቀም፤ ያልሰማን መሰለን። ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ አንዱ፣ «ዶክተር፣ የደም ግፊትዎን ለክተዋል?» አለ።

«መቶ ሃያ በሰማንያ» አሉት። «የእርስዎን ደግሞ እኔም እርስዎም እናውቀዋለን፤ ሰው ፊት አልናገረውም።»

ሳቁ ወደ ሰውየው ዞረ። ከዚያ በረደ፤ ቀልድ እንዳልሆነ ገባን። የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አዲስ ሐኪም ሁሉ ሁለት ዓመት እንደኛ ያለ ቦታ ይሥራ። ሕግ ይውጣ። ሌላ ምን ፕሮግራም እንዳለዎት ሲጠየቁ፣ «ሌላው ሰው ከተረፈ በኋላ የሚመጣ ነው» ይሉ ነበር።

ለውድድሩ ለመቅረብ የአምስት መቶ ከንቲባ ፊርማ ያስፈልጋል። አንድ ከንቲባ አንዴ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ይፈርማል፤ ስሙም በአደባባይ ይወጣል። እርስዎ በዚያች ነጭ አሮጌ ፉርጎ መኪና ከመንደር መንደር ዞሩ። የከተማ ከንቲባ አልፈለጉም። እንደ እኔ ያሉትን፣ በአንድ እጃቸው ማኅተም በሌላው አካፋ የያዙትን ነው የለመኑት። እስከ ጥር መጨረሻ ሁለት መቶ ያህል ቃል ሰጥተውዎት ነበር። እኔን አልጠየቁኝም። እኔማ የታወቅሁ ነበርኩ። በመንደሩም በቤቴም አይፈርምም ብሎ የሚጠረጥረኝ አልነበረም።

ባሪዮ ግን ጠረጠረ። ይህን የማኅበራችንን ሊቀመንበር፣ ሃያ ሁለቱን መንደሮች በኪሱ የያዘውን፣ ያውቁታል። ከስብሰባ ስንወጣ ትከሻዬን አቅፎ ወደ መኪናዬ ወሰደኝ።

«ማርስሊን፣ የሐኪሟ ነገር እንዴት ሆነ? የምታሳዝን ሴት ናት። እኔ እወዳታለሁ።»

«ደህና ናት።»

«ፊርማ እንግዲህ የግል ነገር ነው፤ ማንም ማንንም አያስገድድም። ብቻ ዝርዝሩ ይወጣል፤ ሰው ያነባል።» የመኪናዬን ጣራ መታ መታ አደረገ። «የትምህርት ቤታችሁ ልጆች ስንት ደረሱ?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ» አለ፤ የታመመ ሰው ትኩሳት እንደሚያነብ ሰው። «ለዚያ ጉዳይ በሚያዝያ ኮሚቴ ይቀመጣል። እኔ እዚያ እገኛለሁ። የእኛም ሰውዬ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደራል፤ ጥቂት የትንንሽ መንደር ፊርማ ቢኖረው ያምርበታል።»

ሌላ አልተናገረም፤ አላስፈለገውምም። የመንደሩ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ነው። አባቴ፣ እኔ፣ ልጄ የተማርንበት ነው። ክሊኒኩ በእኔ ከንቲባነት ተዘግቷል፤ ትምህርት ቤቱም በእኔ እጅ አይዘጋም አልኩ። ይህን እንደ ሰበብ አይቁጠሩብኝ። ወይም ይቁጠሩብኝ።

በየካቲት አጋማሽ መጡ፤ ከቀትር በኋላ ነበር። ኢቬት የድንች ኬክ ከምድጃ አውጥታ ትልቁን ቁራሽ ለእርስዎ ሰጠች።

«ይሄን ሰውዬ ለማስፈረም ነው እዚህ ድረስ የመጡት?» አለችዎ። «ባይፈርም እኔ እፈርምልዎታለሁ። ፊርማውን ከእሱ አሳምሬ እጽፈዋለሁ።»

«ያ ማጭበርበር ነው፣ ማዳም ቬርኞ።»

«እሱን አግብቼ ሠላሳ ዓመት መኖሬስ?»

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ የአረጋውያኑ ቤት የሥራ ሰዓቷ ደርሶ ሄደች፤ ሁለታችን ቀረን። ቁራሽዎን ጨርሰው ሹካውን አስቀመጡ።

«ድምፅዎ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«የበረት አቧራ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ አልኩዎ።»

«ከገና በፊት ይሆናል።»

ተነሥተው መጡና አገጬን በሁለት ጣትዎ ወደ መስኮቱ አዞሩት። አንገቴን አልነኩትም፤ አዩት ብቻ። «የሕክምና ፈቃዴን መልሻለሁ፤ እኔ ልጽፍልዎ አልችልም። ግን ጉሮሮ ስፔሻሊስት ዘንድ ይደውሉ። ዛሬ። ይደውላሉ?»

ወይን ቀዳሁ። ለእርስዎም ለእኔም ቀዳሁ። ቆይተው ቁጭ አሉ፤ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ሌላውን ጠየቁኝ።

«ሁለት መቶ አርባ ደርሻለሁ። ከእርስዎ በኋላ ያሉት የዚህ አካባቢ ሠላሳዎቹ እርስዎን ነው የሚያዩት፤ የራሷ ከንቲባ ፈርሟል ከተባለ ይፈርማሉ። ቀሪውን ከነሱ ጋር ሆኜ እሞክረዋለሁ። ይፈርሙልኛል?»

ሁለት ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለሁለቱም አፌ ውስጥ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነበር።

«እናያለን» አልኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «የትኛውን ነው?» አሉኝ።

የወይኑን ጠርሙስ ከደንኩት።

ወደ መስኮቱ ሄደው ጀርባዎን ሰጡኝ። ቦርሳዎ እዚያ ነበር። ብዕር አውጥተው አንድ አጭር ነገር ጻፉ። ከከንቲባዎቹ ዝርዝር ስሜን እየሰረዙ ነው ብዬ አሰብኩ። ሲወጡ ቡናማ ፖስታ ዳቦ ማስቀመጫው ላይ አኖሩ። «ፋይልዎ ነው። ሳይወስዱ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት» አሉኝ። እስከ መኪናዎ አልሸኘሁዎም። የመኪናዎን በር ዳግመኛ ይዤ መቆም አልቻልኩም።

ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። የፊርማው ቅጽም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ለአንድ ከንቲባ አንድ ቅጽ ብቻ ነው የሚላከው። ዓርብ ዕለት አወጣሁት። በባሪዮ ሰውዬ ስም ሞላሁት፣ ፈረምኩ፣ ማኅተሙን መታሁ፣ ራሴ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ከገባ በኋላ አይወጣም። ሰውየው በመጨረሻ ከስምንት መቶ በላይ ፊርማ አገኘ። የእኔ አላስፈለገውም ነበር።

ዝርዝሩ የወጣ ማክሰኞ ኮሌት ኮምፒውተሩ ላይ ነበረች። ጮክ ብላ አነበበች፦ «ቬርኞ ማርስሊን፣ የሻንትግሪቭ ከንቲባ።» ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። «ከአጠገቡ ያለውን ስም ላንብብልዎ፣ ክቡር ከንቲባ፣ ወይስ ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«ልጆቼን እኮ እሳቸው ናቸው ያሳደጓቸው» አለች። ካፖርቷን ለብሳ ሰዓቷ ሳይደርስ ወጣች።

ቤት ስገባ ኢቬት ሰምታለች። አልጮኸችም። ሾርባዬን ፊቴ አኖረች፤ የራሷን ሳህን ይዛ ሌላ ክፍል ሄደች። በማግስቱ ቴሌቪዥን ላይ እርስዎን ሲያሳዩ ግን ጠራችኝ። አንድ ልብሱ የሚያብረቀርቅ ጋዜጠኛ፣ «የራስዎ መንደር ከንቲባ እንኳ አልፈረሙልዎትም። ለምን ይመስልዎታል?» አለዎት።

«ስለ ሕመምተኞቼ በአደባባይ አልናገርም» አሉት።

ጋዜጠኛው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ኢቬት ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። «ምን አልካቸው?» አለችኝ። «ያን ዕለት እኔ ከወጣሁ በኋላ ምን አልካቸው?»

ነገርኳት።

«ያ ቃል አባትህን ገደለ» አለች። «አሁን ደግሞ ሴትየዋን። ቀጥሎ ተራው የማን ነው?»

ከማክሰኞ በኋላ ፊርማው ነጠፈ። የሞንትራስ ከንቲባ ገበያ ላይ አግኝቶኝ፣ «የገዛ ከንቲባዋ ያልፈረመላትን እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለኝ፤ ውለታ እንደዋለልኝ ሰው ጨበጠኝ። ሠላሳዎቹም እንዲሁ አሉ። ሁለት መቶ ስልሳ አንድ ላይ ቆመ። ሰው እኔን ሊያጽናና፣ «የአንተ አንዷ ምን ትለውጥ ነበር? ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ነው የጎደላት» ይለኛል። እኔም ለራሴ እንዲያ እለዋለሁ። አባቴም አንድ ሰው ነበር። በየዓመቱ የሚሞተው ስንት ሺህ ነው?

የመጨረሻውን ቀን አንድ የመኪና ማቆሚያ ላይ ቆመው፣ «አልደረስኩም። አመሰግናለሁ» ብለው ፉርጎዎን ሲያስነሡ አየሁ። ቤትዎን የሸጡት በወሩ ነው። ልሰናበትዎ አልመጣሁም።

በሚያዝያ ኮሚቴው ተቀመጠ። ትምህርት ቤቱ ከመስከረም ጀምሮ ይዘጋል። ባሪዮ ስልክ ደውሎ፣ «ስብሰባው ውስጥ የተዋጋሁትን እኔ ነኝ የማውቀው፣ ወንድሜ» አለኝ። አሥራ አንዱ ልጆች ከመስከረም ጀምሮ በጠዋት ሃምሳ ደቂቃ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። አንዲት እናት ማዘጋጃ ቤት መጥታ፣ «ቢያንስ ለትምህርት ቤቱ ብለው ነው ዶክተርን የሸጧቸው ሲባል ሰምቼ ነበር» አለችኝ። በሩን ከፈትኩላት። ድምፄም እየወጣ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ዳቦ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። በውኃ አወረድኩት። ሾርባ መፈለግ ከጀመርኩ ቆየሁ። ቀበቶዬ ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨምሬያለሁ። ኢቬት ምንም ሳትል መሳቢያውን ከፈተችና ፖስታዎን አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

ቢጫው ካርድ ነው፣ ሁለቱም ገጽ በእጅዎ የተሞላ። በሽቦ የተቆረጠው እጄ። የጀርባዬ። የልጄ ኩፍኝ በስህተት ገብቶ ተሰርዟል። በየጥጉ በትንሹ «እና.» የሚል አለ፤ ቆጠርኩት፣ አሥራ አራት ቦታ። «እናያለን» ያልኩባቸው ቀናት ናቸው፤ ኃጢአቴ ይህ ኖሯል። የመጨረሻው መስመር በዚያ በየካቲቱ ቀን ነው የተጻፈው። በእኔ መስኮት ላይ፣ ጀርባዎን ሰጥተውኝ።

«ድምፅ ሻክሯል፣ ከሁለት ወር በላይ። አንገት በቀኝ እብጠት፣ በዓይን የሚታይ። በአስቸኳይ ስፔሻሊስት። ነግሬዋለሁ። እና.»

አሥራ አምስተኛው ነው። ስለ ፊርማው ምንም የለም። እኔ ከንቲባ ሆኜ ስከለክልዎ፣ እርስዎ ሕመምተኛ ነበር የሚመዘግቡት።

ያኑ ጊዜ ለስፔሻሊስቱ ደወልኩ፤ ኢቬት አጠገቤ ቆማለች። አንዲት ልጅ አነሣችው።

«የመጀመሪያው ክፍት ቀን ኅዳር አሥራ አራት ነው» አለችኝ።

«አሁን እኮ ሰኔ ነው።»

«አዎ ጌታዬ።»

«አስቸኳይ ነው።»

«የላከዎት ሐኪም ማነው?»

«ሐኪም የለንም።»

«የሐኪም ደብዳቤ ከሌለ አስቸኳይ ብዬ መመዝገብ አልችልም።»

«ጽሑፍ አለኝ። ዶክተር ዴልኩር ናቸው የጻፉት።»

ስትጽፍ ሰማሁ። ከዚያ ቆመች። «ያቺ ለፕሬዚዳንት ልትወዳደር የነበረችው?»

«አዎ።»

«እሳቸው እኮ ጡረታ ወጥተዋል፤ አይሠራም።» ከልቧ ያዘነች ትመስላለች። «ኅዳር አሥራ አራትን ልያዝልዎ?»

«ያዢልኝ» አልኩ። አዎ ማለት ነው። አዩ፣ ለመድኩ። «ከዚያ በፊት ሰው ቢቀርና ቦታ ቢለቀቅስ?»

አነጋገሯ የእኛው አገር ነው፤ ትውልዷ ከዚህ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር ወዲያ አይርቅም። በከተማኛ ብትነግረኝ ተስፋ አደርግ ነበር።

«እናያለን» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። ኢቬት ምን አለች አላለችኝም፤ ፊቴ ላይ አነበበችው። እሷም የዚሁ አገር ሰው ናት።

ድርቆሹ ታጭዶ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል። ሬዲዮው ሐሙስ ዝናብ ይመጣል ይላል። እኔም ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሁለት እጅ ነው ያለኝ። ነገ ጠዋት ማሽኑን አስነሣለሁ። ክሊኒክዎ ሲዘጋ ያን ካርቶን ከግድግዳው ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ። አልጣልኩትም፤ በረቱ ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ላሞቹ ያነቡታል።

ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ የምጠይቅበት ቃል ይጠፋኛል። ወደ ሻንትግሪቭ አንድ ቀን ብቅ ይላሉ ወይ ብዬም አልጠይቅዎትም። ቋንቋችንን አስተምረንዎታል።

የለመኑኝ ፊርማ ይኸውልዎ። ጊዜው አልፎበታል።

ማርስሊን ቬርኞ